በ600 ዶላር የአጋዘን ጠመንጃ፦ ቨርጂኒያ ላይ ምን ልግዛ?

ጀማሪው ማናሳስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በመጪው ኖቬምበር ለመጀመሪያ ጊዜ አጋዘን ለማደን አስቤያለሁ። የምወጣው ከሃሪሰንበርግ በስተምዕራብ ወዳለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከ150 ያርድ በላይ የሚያሳይ ቦታ ብዙም የለም። ያለችኝ 600 ዶላር ናት፤ ጠመንጃው፣ ስኮፑ (የማነጣጠሪያ መነጽሩ)፣ ጥይቱና ፈቃዱ ሁሉ ከዚያችው ነው የሚወጣው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ የአዳኞች ትምህርቱንም ጨርሻለሁ።

አንዱ ሳቬጅ አክሲስ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ሩገር አሜሪካን፣ ሦስተኛው ያገለገለ ሬሚንግተን 700 ፈልግ ይላል። በካሊበርም (በጥይቱ ዓይነት) .308 እና 6.5 ክሪድሞር መሀል ነኝ። የምታውቁ ሰዎች ገንዘቡን እንዴት እንደማከፋፍለው ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ስታንተን 308፦

600 ዶላር ይበቃል። የሚበቃው ግን ጠመንጃው ከነስኮፑ ከ400 ብዙም ካላለፈ ነው። ሒሳቡን ከትንንሹ ጀምረህ ሥራው። የቨርጂኒያ ነዋሪ እንደመሆንህ የአደን ፈቃዱ፣ የአጋዘንና የተርኪ ፈቃዱ፣ የብሔራዊ ደን ፈቃዱ ተደምረው 50 ዶላር ገደማ ናቸው። ብርቱካናማ ቬስትና ኮፍያ 20፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ 25። ጥይት ባለ 20 ፍሬ ሦስት ፓኮ፣ ተራውን ከወሰድክ 90 ገደማ። እዚህ ላይ 185 ሄዷል። አንተ ባለህበት በሰሜን ቨርጂኒያ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ስለሆነ 390 የተለጠፈበት ጠመንጃ ከሱቁ ሲወጣ 413 ይሆናል። በጀትህ አለቀ ማለት ነው።

ብዙ ጀማሪ 550ውን ለጠመንጃ ሰጥቶ በተረፈችው አንድ ፓኮ ጥይት ገዝቶ ይወጣል። አንድ ፓኮ ስኮፑን ለማስተካከል ብቻ ያልቃል፤ ተቀምጦ፣ ተንበርክኮ፣ ዛፍ ተደግፎ ለመለማመድ ምንም አይተርፍም። አጋዘኑን የሚያቆስለው ደግሞ እዚያ ላይ የጎደለው ልምምድ ነው። ስለዚህ የጥይቱን 90 ዶላር አትንካት።

ጠመንጃዎቹን በተመለከተ፣ ዛሬ በ400 ዶላር የሚሸጠው ባለ ቦልት (በእጅ እየተከፈተና እየተዘጋ ጥይት የሚያጎርስ) ጠመንጃ 100 ያርድ ላይ ሦስት ጥይት በአንድ ኢንች ተኩል ክብ ውስጥ ማስገባት አያቅተውም። አጋዘን ላይ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ስምንት ኢንች ስፋት አለው። ስለዚህ ዋጋው ርካሽ የሆነው ዒላማ ስለሚስት አይደለም። የሚቆጠበው ሰደፉ ላይ፣ ካዝናው ላይ፣ ቀለሙ ላይ ነው፤ እዚያው ላይ ነው ማየት ያለብህ።

ሳቬጅ ከሆነ ተራውን አክሲስ ትተህ አክሲስ ሁለትን ውሰድ። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ምላጩ ግን ሌላ ነው፤ አኩትሪገር የሚሉት ከሁለት ፓውንድ ተኩል ጀምሮ የሚስተካከል ነው። የተራው ምላጭ ከባድ ስለሆነ ጀማሪ ሲስበው ጠመንጃውን አብሮ ይነቀንቃል። ስኮፕ ተገጥሞለት የሚሸጠውም አለ፣ ለአንተ በጀት የሚመቸው እሱ ነው። ሩገር አሜሪካን ምላጩ ከ3 እስከ 5 ፓውንድ ይስተካከላል፣ ቦልቱም ይበልጥ ለስለስ ይላል፤ ግን አዲሱ ከነስኮፑ ከበጀትህ ያልፋል። ያገለገለ ካገኘህ አትለፈው። ሞስበርግ ፓትሪየትም ከእነዚህ ጋር የሚቆጠር ነው።

የሳቬጁም የሩገሩም የፕላስቲክ ሰደፍ ፊተኛው ክፍል ሳሳ ያለ ነው። ሱቅ ውስጥ አንድ ዶላር ኖት አውጥተህ ከአፈሙዙ ሥር አስገባና ወደ ኋላ ጎትተው። ካልያዘ ጥሩ። ከዚያ ጠመንጃውን ስትተኩስ እንደምታስደግፈው አስደግፈህ፣ ከላይ ትንሽ ተጭነህ ድገመው። ኖቱ ከተያዘ ሰደፉ አፈሙዙን ይነካዋል፤ ድጋፍህ በተቀያየረ ቁጥር ጥይቱም የሚያርፍበትን ይቀያይራል። የሚነካውን ቦታ በአሸዋ ወረቀት ሞርዶ ማስለቀቅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ግዢውን አይከለክልህም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይረዳሃል።

ካሊበሩ .308 ይሁን። 150 ግሬን (የጥይቱ ክብደት ነው) ለስላሳ ጫፍ፤ ፌደራል ፓወር ሾክ፣ ሬሚንግተን ኮርሎክት፣ ዊንቸስተር ፓወር ፖይንት፣ ከሦስቱ በርካሽ ያገኘኸው። በየገጠሩ ሱቅ አይጠፋም። ለ150 ያርድ ጫካ 6.5 ክሪድሞር የሚጨምርልህ ነገር የለም።

ሕጉን ያስቀድሙ፦

ጠመንጃ ከመግዛት በፊት የሚታደንበት ካውንቲ ሕግ መታየት አለበት። ጠያቂው ወደ ምዕራቡ ደን የሚሄዱ ከሆነ ጠመንጃ ይፈቀዳል። ከብሉሪጅ ተራራ በምሥራቅ ግን በርከት ያሉ ካውንቲዎች አጋዘን በጠመንጃ ማደንን ይከለክላሉ፣ ሌሎቹ ከመሬት ከፍ ካለ መቀመጫ ላይ ብቻ ይፈቅዳሉ። እዚያ የሚሄድ ሰው ባለ 12 ሾትገን፣ ለስላግ (በሾትገን ለሚተኮስ አንድ ወፍራም ጥይት) የተሠራ አፈሙዝ ያለው ሞስበርግ 500 ወይም ሬሚንግተን 870 ቢገዛ ይሻለዋል። የየካውንቲው ሕግ የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው የአደን መመሪያ ላይ ተዘርዝሯል።

በመላው ቨርጂኒያ ለአጋዘን ካሊበሩ ከ.23 ማነስ የለበትም። ብዙ ሰው ቤቱ ያለው ኤአር 15 ጥይቱ .223 ስለሆነ አይሆንም። .243 ይሆናል።

የሱቁን ወረቀት በተመለከተ፣ ጠመንጃ ሲገዛ በሚሞላው የፌደራል ቅጽ 4473 ላይ የሚጻፈው አድራሻ በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቤት ቀይሮ መንጃ ፈቃዱን ያላሳደሰ ሰው አዲሱን አድራሻ የሚያሳይ ሌላ የመንግሥት ሰነድ ካልያዘ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ግሪን ካርዱንም ይያዙ፣ ቁጥሩ ይሞላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው የጸና የአደን ፈቃድ ካልያዘ በቀር በፌደራል ሕግ ጠመንጃ መግዛትም መያዝም አይችልም።

አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፣ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሰው የማይነጋገርበት። ቅጹ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ በአንደኛው መደብ የተከለከለ ነው። ማሪዋናም በቨርጂኒያ ቢፈቀድ በፌደራል አልተፈቀደም። የሚጠቀም ሰው «አይ» ብሎ ቢፈርም የሐሰት ቃል መስጠት ነው፣ ከባድ የፌደራል ወንጀል ነው፤ ግሪን ካርድ ላለው ሰው መዘዙ ከጠመንጃው አልፎ መኖሪያውን ይነካል። የሚቅም ሰው አይግዛ።

ጀማሪው ማናሳስ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጫት አልነካም፣ አድራሻዬም ልክ ነው። ሰፈሬ ያለ ሱቅ ውስጥ ሁለት ያገለገሉ አይቻለሁ፤ አንዱ ሬሚንግተን 700 በ.30-06 ያለ ስኮፕ 380 ዶላር፣ ሌላው ማርሊን 336 በ.30-30፣ 400 ዶላር። ከአዲሱ አክሲስ ሁለት ይሻላሉ? ያገለገለስ ሲገዛ ምኑ ነው የሚታየው?

ጠመንጃ ጠጋኝ ሮአኖክ፦

ያገለገለ መግዛት ጥሩ ነው። አጋዘን አዳኝ በዓመት የሚተኩሰው ጥቂት ስለሆነ የ30 ዓመት ጠመንጃ አፈሙዙ አዲስ ሆኖ ይገኛል። የሚያጠፋው ተኩሱ ሳይሆን ዝናቡና መጥፎ አወላወሉ ነው።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ቦልቱን አውጣና ከኋላ በኩል በብርሃን ወደ አፈሙዙ ውስጥ እይ። ጥምዝምዙ ቦይ ጠርዙ ስል ሆኖ እስከ ጫፉ መታየት አለበት። ጠቆር ያለ ቆሻሻ ይጸዳል፤ እንደ ፈንጣጣ የተበሳሳ ከሆነ ዝገት በልቶታል፣ ተወው። ቀጥሎ የአፈሙዙን ጫፍ ዙሪያውን እይ። ጥይቱ ለቅቆ የሚሄድበት የመጨረሻው ከንፈር እሱ ነው፤ አንድ ጎኑ ከተመታ ወይም ከፊት በኩል በሚገባ መወልወያ ዘንግ ከተፋቀ ጋዙ በአንድ በኩል ቀድሞ ይወጣና ጥይቱን ይገፋዋል። ይኼ በጠጋኝ ይስተካከላል፣ ከ75 እስከ 100 ዶላር ግን ያስወጣሃል።

ከዚያ ብሎኖቹን እይ። የሁሉም ራስ የተበላ ከሆነ በማይሆን መፍቻ ሲፈታታ የኖረ ነው። ሻጩ ከፈቀደ ብረቱን ከሰደፉ ለያይተህ ከሥር ተመልከት፤ ዝገት የሚደበቀው እንጨቱ ብረቱን በሚነካበት ነው። የእንጨት ሰደፍ ከሆነ ከቦልቱ ኋላ፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ላይ ስንጥቅ ፈልግ።

ስለ ሬሚንግተን 700 ግን ጠንቀቅ በል። ከሜይ 2006 እስከ ኤፕሪል 2014 የተሠሩት ኤክስማርክ ፕሮ የተባለ ምላጭ ያላቸው፣ ሳይነኩ ሊተኩሱ ስለሚችሉ በ2014 ፋብሪካው ራሱ መልሱልኝ ብሎ ጠርቷቸዋል። ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት የተገጠመው የዎከር ምላጭም ሴፍቲው ሲለቀቅ ጥይቱ ይወጣል ተብሎ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከ1982 በፊት የተሠራው ደግሞ ሴፍቲው ቦልቱን ስለሚቆልፍ ጥይቱን ለማውጣት ሴፍቲውን መልቀቅ ግድ ነው። ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ ሲመጡ ነው ሰው የሚሞተው።

ስለዚህ ባዶውን ጠመንጃ ቀባብለው፣ ሴፍቲውን አስገባ፣ ምላጩን ጠንከር አድርገህ ሳብና ልቀቅ፤ ከዚያ ምላጩን ሳትነካ ሴፍቲውን ልቀቅ። «ጠቅ» ካለ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወድቋል። አሁንም ቀባብል፣ ሰደፉን በጎማ ወለል ላይ መታ አድርገው፤ ቦልቱንም በኃይል ዝጋው። በአንዱ እንኳ መርፌው ከወደቀ ዋጋው ምንም ይሁን ምን አትግዛ። ሁሉንም ቢያልፍም ችግሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ስለሆነ አሮጌው ምላጭ ያለበትን ካልቀየርኩት አልመክርም። ሌላ ምላጭ ማስገጠም 150 ዶላር አካባቢ ነው። 380 ሲደመር 150 ሲደመር ስኮፕ፤ በጀትህ ፈረሰ።

ማርሊን 336 ለዚያ ጫካ እጅግ ይመቻል። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ .30-30 እስከ 150 ያርድ አጋዘን በሚገባ ይጥላል። ካዝናው ከአፈሙዙ ሥር ያለ ቱቦ ስለሆነ ጥይቶቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይደረደራሉ፤ ጫፉ ሹል የሆነ ጠንካራ ጥይት በርግጫው ጊዜ የፊተኛውን መለኮሻ ሊመታው ይችላል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ወይም ለቱቦ ካዝና ተብሎ የተሠራውን ብቻ ነው የምትጠቀመው። የብረት ማነጣጠሪያ ስላለው ስኮፕ ሳትገዛ ልትጀምርበት ትችላለህ። 400 ከነታክሱ 424 ነው፤ ከሻጩ ሃያ ዶላር ካስቀነስክ ሒሳቡ ይገጥማል። የማያምርህ ብረት ማነጣጠሪያ ከሆነ ግን ወደ አክሲስ ሁለት ተመለስ።

እመቤት ሃሪሰንበርግ፦

ሁላችሁም ስለ ጠመንጃው ተናገራችሁ፣ ስለሚይዘው ሰው ማንም አልጠየቀም። ወንድሜ፣ ቁመትህ ስንት ነው? ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት አብዛኛው አዲስ ጠመንጃ ላይ 13 ኢንች ከሦስት ሩብ አካባቢ ነው። ቁመቱ ከአምስት ጫማ ከስድስት በታች ለሆነ ሰው፣ የክረምት ጃኬት ሲለበስበት ደግሞ ለረዘመም ሰው ይበዛል። ሰደፉ ብብት ላይ ይያዛል፣ ዓይን ከስኮፑ ይርቃል፣ ሰውየው አንገቱን ወደ ፊት ሰግጎ ያነጣጥራል፤ ያን ጊዜ ነው ስኮፑ ቅንድብ የሚቀደው። መለኪያው ቀላል ነው። ባዶውን ጠመንጃ ይዘህ ክርንህን 90 ዲግሪ እጠፍ፣ ሰደፉ የክርንህን ውስጠኛ እጥፋት ሲነካ ጣትህ ምላጩ ላይ በምቾት መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሩገር አሜሪካን ኮምፓክት 12 ኢንች ተኩል ነው፣ ሞስበርግ ሱፐር ባንታም ደግሞ ተለጣፊ ስላለው ከ12 ወደ 13 ይረዝማል። ለሚስትም ለልጅም የሚያገለግል ይኸኛው ነው።

በካሊበሩም ከስታንተን 308 ጋር አልስማማም። ስድስት ፓውንድ ተኩል የሚመዝን ርካሽ ጠመንጃ በ.308 ሲተኮስ ርግጫው ከ.243 እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ተኩሶ የማያውቅ ሰው ከአሥረኛው ጥይት በኋላ ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል፣ ያን ልማድ ማስተው ደግሞ ከባድ ነው። ለጀማሪ .243 በ100 ግሬን፣ ወይም 7ሚሜ-08 በ140 ግሬን ይበቃል። በ.243 ከሆነ ግን ለቀበሮ የተሠራውን ከ55 እስከ 75 ግሬን ያለውን ቀላል ጥይት እንዳትገዛ፤ ፓኮው ይመሳሰላል፣ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ግን ላዩ ላይ ይፈነዳና ሳንባ ሳይደርስ ይቀራል። እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል፣ ሥጋውም ይበላሻል።

ሥጋ ካነሳን አይቀር፣ የጠመንጃው አደን የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ ነው፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ፍሪዘር ላይ ቦታ አስለቅቅ፤ እስከ ገና የሚቆይ ብዙ ሥጋ ነው።

ስታንተን 308፦

እመቤት በርግጫው እውነትሽን ነው፤ ጀማሪ ከሆነና .243 በዚያው ዋጋ ካገኘ እሱን ይውሰድ። 7ሚሜ-08 ጥይቱ በገጠር ሱቅ ስለማይገኝና ውድ ስለሆነ ለዚህ በጀት አልገፋበትም።

የቀረው ስኮፑ ነው። ከጠመንጃው ጋር ተገጥሞ የመጣውን «ተስተካክሏል» ብለህ አትመነው፤ ብዙ ጊዜ ብሎኖቹ ላልተው ይመጣሉ። ቀለበቶቹን ፈትተህ ስኮፑን አንሳ፣ ሥር ያለውን የቤዙን (ቀለበቶቹን ከጠመንጃው ጋር የሚያይዘውን ብረት) ብሎኖች ዘይታቸውን በአልኮል ጥረግና ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርገህ በ20 ኢንች ፓውንድ (በመለኪያ መፍቻ የሚታይ የጥብቀት ልክ) አጥብቅ። ስኮፑን መልሰህ አስቀምጥ፣ የአደን ጃኬትህን ልበስ፣ ማጉያውን እስከ 9 ጨምርና ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ወደ ትከሻህ አምጣ። ዓይንህን ስትከፍት ምስሉ ሙሉ ክብ ሆኖ ካልታየ ስኮፑን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ግፋ። የቀለበቱን ብሎኖች ግራና ቀኝ እያፈራረቅህ ትንሽ በትንሹ እስከ 15 ወይም 18 ኢንች ፓውንድ አጥብቅ። በእጅ ስሜት ከጠበቀ የስኮፑ ቱቦ ይጨፈለቃል፣ ያኔ ክሊኩ (የማስተካከያ ቁልፉ እያንዳንዱ ጠቅታ) አይታዘዝም።

ለማስተካከል በ25 ያርድ ጀምር። ቦልቱን አውጣ፣ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፍ፣ በአፈሙዙ ውስጥ አሾልቀህ ዒላማውን መሀል አድርግ፤ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ የስኮፑን መስቀል ወደዚያው አምጣ። አሁን አንድ ጥይት ተኩስ። በ25 ያርድ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ 16 ክሊክ ነው፤ ሁለት ኢንች ዝቅ ብሎ ከመታ 32 ክሊክ ወደ ላይ። በአንድ ጥይት ደግመህ አረጋግጥና ወደ 100 ያርድ ሂድ። እዚያ አንድ ኢንች አራት ክሊክ ብቻ ነው። ሦስት ጥይት ተኩስ፣ ከሦስቱ መሀል ለካ፣ ከዚያ ብቻ አስተካክል። በእያንዳንዱ ጥይት ስኮፑን የሚያዞር ሰው ፓኮውን ጨርሶ የጀመረበት ቦታ ይገኛል። በ.308 ሁለት ኢንች ከፍ አድርገህ ከተውከው 200 ያርድ ላይ ከመስቀሉ ጋር ይገጥማል፣ እስከ 150 ያርድ ደግሞ ምንም ሳታሰላ መሀሉን አነጣጥረህ ትተኩሳለህ።

ከረጢቱ ሰደፉን ይደግፍ እንጂ አፈሙዙን አያስነካ። ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ ስለሚግል ከሦስት ጥይት በኋላ እጅህን አስቀምጠህ መያዝ እስክትችል ጠብቅ። ጥይቶቹ መበታተን ከጀመሩ ስኮፑን ከመውቀስህ በፊት ሰደፉን ከብረቱ ጋር ያያያዙትን ብሎኖች፣ የቤዙን ብሎኖች፣ ከዚያ ያችን የዶላር ኖት ሞክር። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

ለአንተ የሚሆን አንድ መለማመጃ ፎኪየር ካውንቲ፣ ሰመርዳክ አጠገብ ያለው የፌልፕስ የግዛቱ ተኩስ ሜዳ ነው፤ የአደን ፈቃድህን ይዘህ ትገባለህ።

ጀማሪው ማናሳስ፦

ቁመቴ አምስት ጫማ ከአምስት ነው። እመቤት ያለችውን ሱቅ ሄጄ በክርኔ እለካዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ አዲስ ከሆነ ሳልወለውል መተኮስ እችላለሁ?

ጠመንጃ ጠጋኝ ሮአኖክ፦

አትችልም። ፋብሪካው ዝገት እንዳይነካው ውስጡን በወፍራም ዘይት ቀብቶ ነው የሚልከው። ከኋላ በኩል በዘንግ ጨርቅ አስገብተህ ደረቅ እስኪወጣ ጥረግ፣ ጥይቱ የሚጎርስበትንም አትርሳ። ቦልቱ ላይም ዘይት አታብዛ፤ ተራራው ላይ ጠዋት በረዶ ሲሆን ዘይቱ ይረጋና መርፌውን ያዘገየዋል፣ ጥይቱ ሳይነሳ ይቀራል። ስስ አድርገህ ቀብተህ በጨርቅ መልሰህ ጥረገው። ማታ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገባው ብረቱ ያልበዋልና ጥይቱን አውጥተህ፣ ቦልቱን ነቅለህ ከሻንጣው ውጭ አቆመው፤ ሲደርቅ ጥረግና ቆልፍበት።